በክንዱ ስልክ ላይ የተገኘው ጥያቄ

ሣህሉን ያገኙት እንጨት ጭነው ወደ ባሕር ዳር የሚቀዝፉ ታንኳ ነጂዎች ናቸው። ገና ፀሐይ ጣናን ሳትነካ ደንገሉ ውስጥ በግንባሩ ተደፍቶ፣ ጃኬቱን እንደ ለበሰ አገኙት። አንደኛው ታንኳ ነጂ የተጣለ ጆንያ መስሎት በመቅዘፊያው ገፋ አደረገው። ጆንያው እጅ ነበረው።

ኢንስፔክተር ሩሐማ ስትደርስ ዳርቻው በሰው ተሞልቷል። ግማሹ ከንፈሩን ይመጥጣል፣ ግማሹ ቪዲዮ ይቀርጻል፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ የሚያስኬድም አልጠፋም።

«የምታነሡት ለፌስቡክ ነው ወይስ ለነፍስ ይማር?» አለች።

ስልኮቹ አንድ በአንድ ወደ ኪስ ገቡ። በምርመራ ክፍሉ ሩሐማን ከሽጉጧ ይልቅ ምላሷን ነበር የሚፈሯት። የኮምፒውተርን ነገር ያስተማራት ሰው የለም፤ ከደመወዟ ቆጥባ የገዛችውን አሮጌ ላፕቶፕ እየሰበረች እየጠገነች ራሷ ገባችበት። ስለዚህ በማንም ዲፕሎማ አትደነግጥም፣ የራሷንም ዕውቀት ለማንም አታሳንስም።

ሟቹን ወደቡ ሁሉ ያውቀዋል። ሣህሉ በሞተር ጀልባው እንግዳ ወደ ደሴቶቹ እያመላለሰ ይኖር ነበር። ጀልባዋ ሳትታሰር፣ ገመዷን ውሃ ላይ እየጎተተች ጥቂት ራቅ ብላ ትንሳፈፋለች። ኪሱ ውስጥ የቤት ቁልፍ አለ፤ ስልክ ግን የለም።

«ጠጥቶ ወድቆ ነው» አለ ከሕዝቡ መሃል አንዱ።

ሐኪሙ ግን በሌላ ቃል መጣ። ሆዱ ውስጥ አረቄም የእንቅልፍ መድኃኒትም አለ፤ ሰውዬው ውሃ ውስጥ የገባው ተኝቶ ነው። ሣህሉ ደግሞ በሕይወቱ እንቅልፍ አጣሁ ብሎ አያውቅም፤ ሚስቱ ዜማ በማንኮራፋቱ ሳቢያ ጎረቤት ይወቅሰኛል እያለች የምትቀልድበት ሰው ነበር።

የምርመራው ክፍል ያን ዕለት ከቀትር በፊት አንድ ሰው አሰረ።

*

«ያለቀለት ነው» አለ ምክትል ኢንስፔክተር ኪዳነ ወልድ፣ ስልኩን ሩሐማ ጠረጴዛ ላይ እያስቀመጠ። ቆቡን ቤት ውስጥም ቢሆን አያወልቅም። «የክንዱ ስልክ ነው፤ የሣህሉ ጀልባ ነጂ። በሞተበት ዕለት ወደቡ ላይ ሰው ሁሉ እያየ ተጣልተዋል። 'ታገኛታለህ' ብሎታል። አሁን ብሮውዘሩን እይ።»

ሩሐማ አየች። ከግድያው በፊት ባለው ሰዓት እንዲህ የሚል ጥያቄ ተጽፏል፦ «የእንቅልፍ ኪኒን ከአረቄ ጋር ቢጠጣ ሰው ምን ይሆናል»።

«ኔት እንዳይነካው ወዲያው ፍላይት ሞድ ላይ አድርጌዋለሁ፤ ገጹንም ፎቶ አንሥቻለሁ።»

«እሱን እንኳ አሳምረሃል። ልጁን አምጣልኝ።»

ክንዱ ገባ። የሞተር ዘይት የማይለቅበት እጅ ያለው፣ ፀጉሩ እንደ ሳር ክዳን የወፈረ ወጣት ነው። ጥያቄውን ስታሳየው ጠጋ ብሎ አነበበው፤ ከዚያም ወደ ኋላ ሸሸ።

«እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልጻፍሁም።»

«ስልክህን ሌላ ሰው ይነካዋል?»

«ማንም አይነካውም። ጣቴን ካላስነካሁት አይከፈትም።»

ሩሐማ ብዕሯን አስቀመጠች። ጥፋተኛ ቢሆን ኖሮ እዚህ ላይ የሚያውቀውን ሰው ሁሉ ስም ይጠራ ነበር። ይኸ ልጅ የማምለጫ በሩን በገዛ እጁ ቀረቀረው።

«በምን ተጣላችሁ?»

«ጋሼ ሣህሉ ስልኩን አፍንጫዬ ላይ ደቀነና 'ይኸን ምን ትለዋለህ?' አለኝ። ፎቶ ነው። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል፣ የእንጨት፣ የሚታጠፍ፤ ሰማያዊ ፕላስቲክ ላይ ተጋድሟል። 'እኔ አላነሣሁት፤ ስልኬን የምትነካካው አንተ ነህ፤ ከየት ሰረቅኸው?' አለኝ። እኔ ሥዕሉን አይቸውም አላውቅ። በሰው ፊት ሌባ ሲለኝ ጊዜ ጮህሁበት።»

«'ታገኛታለህ' አልኸው?»

«አልሁት» አለ ክንዱ አንገቱን ደፍቶ። «ያሳደገኝን ሰው እንዲያ አልሁት። እሱን አልክድም።»

ኪዳነ ወልድ በሩ ላይ ሆኖ ተነፈሰ። «ሥዕል አለ፣ ፕላስቲክ አለ፤ የሣህሉ ስልክ ግን ሐይቅ ውስጥ ነው። ጥሩ ምስክር መርጧል።»

ሩሐማ ስትወጣ ከጣቢያው በር ላይ አንዲት ሴትዮ ይጠብቋት ነበር። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ይባላሉ፤ የክንዱ እናት ናቸው፤ ከመሸንቲ በመጀመሪያው መኪና መጥተዋል። ሩሐማ የለመደችውን ልቅሶና 'ፍቺልኝ' ጠበቀች።

«ልጄ፣ ፍቺልኝ አልልሽም» አሉ ሴትዮዋ።

«ምን ይሉኛል ታዲያ፣ እናቴ?»

«ማስረጃ የለም ብላችሁ ብትለቁት የሣህሉ ወገን ውጭ ይጠብቀዋል። ፎቶውን በየስልኩ አዙረውታል፤ መሸንቲ ድረስ ደርሷል። ደም ነው። እሱን ቢያጡ ታናሹን ይላሉ። የታሰረበት ቤት ዛሬ ከኔ ቤት ይሻለዋል። ገዳዩን አግኝልኝ። ልጄ የሚፈታው ያን ጊዜ ብቻ ነው።»

ሩሐማ በሥራ ዘመኗ ብዙ ተለምናለች፤ እንዲህ የለመናት ግን አልነበረም።

«አገኘዋለሁ» አለች። ለምን እንዲህ እርግጠኛ ሆና እንደ ተናገረች ኋላ አሰበችበት፤ ቃሏን ግን አልሳበችም።

*

ከሣህሉ ጋር የሚጣላ ሌላ ሰው ከተባለ ሀዲስ ነበር። እሱም ባለ ጀልባ ነው፤ የሣህሉን ማቆሚያ የኔ ነው ሲል ከርሟል። ሩሐማ ስታገኘው ስልኩን በእንጨት ላይ ተክሎ ራሱን እየቀረጸ ጀልባ ያጥባል።

«የሣህሉ ለታ የት አመሸህ?»

«አገር ያውቃል የት እንዳመሸሁ፣ እህቴ። ደልጊ። ዓሣ እየጠበስሁ ቲክቶክ ላይ ላይቭ ነበርሁ። እይው፤ እዚያው አለ።»

«ከሚስትህ ጋር ስትጣላም ላይቭ ትገባለህ ይሉሃል።»

«የምደብቀው የለኝማ። ፕራይቬሲ፣ ምንትስ እያላችሁ የምታስጨንቁን እናንተ ናችሁ። የግል ነገር የሚፈልግ ሌባ ብቻ ነው።»

«መጸዳጃ ቤትህ በር አለው?»

«እንዴታ።»

«ምን ሰርቀህ ነው የምትዘጋው?»

ጀልባ የሚያጥቡት ሁሉ ሳቁ። ሀዲስም ስልኩ እየቀረጸው መሆኑን አስታውሶ አብሮ ሳቀ።

ሩሐማ ላይቩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየችው። ሀዲስ የደልጊ ሰዎችን በስም እየጠራ ሰላም ሲል፣ ዓሣ ሲያሳርር፣ የሐይቁ ማዶ ምሽት ከጀርባው ሲጠቁር ይታያል። ደልጊ ያሉትም ሰዎች ሲጠየቁ 'ሲያሰለቸን አመሸ' አሉ። ከዚያ ወዲህ ሐይቁን አቋርጦ ሰው ገድሎ የሚመለስበት ጊዜ የለም። አፉን የማይዘጋ ሰው ነው፤ ለዛሬ ግን አፉ አዳነው።

*

የሣህሉ ግቢ ውስጥ የእድሩ ድንኳን ተተክሏል። ለቀስተኛውን በር ላይ የሚቀበሉት አቶ ኃይለ ገብርኤል ነበሩ፤ የሟቹ ሚስት የዜማ ታላቅ ወንድም፣ የእድሩም ሊቀ መንበር። ቤተ ክርስቲያን ሲያሠሩ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ የኖሩ፣ ከተማው የሚያከብራቸው ሽማግሌ ናቸው። ለደሴቶቹ አብያተ ክርስቲያናት ቆርቆሮውንና ሲሚንቶውን በሣህሉ ጀልባ እያስጫኑ የሚያደርሱት እሳቸው ነበሩ።

«ስልካችሁን አጥፉ፤ ለቅሶ ቤት ነው» ይላሉ ለገባው ሁሉ።

«እግዜር ያጥናችሁ» አለች ሩሐማ።

«አሜን፣ ልጄ። ተቀመጪ።» እሳቸውም ጉልበታቸውን ይዘው ቀስ ብለው ተቀመጡ። ከኪሳቸው ትንሽ ባለቁልፍ ስልክ አውጥተው መዳፋቸው ላይ አገላበጡ። «እኔ ይኸው ነኝ። ይደውላል፣ ይቀበላል፣ ሲጨልም ባትሪ ያበራል። ኢንተርኔት የምትሉት ቤትን ክፍት አድርጎ መተኛት ነው። ያን ልጅ ያበላሸው ምን ሆነና? ኪኒኑን ከአረቄ ማዋሃዱን ያስተማረው እሱው አይደለም?»

ሩሐማ ቀና አለች። «ይኸን ማን ነገርዎት?»

«የእናንተው ሰው። ትናንት መጥቶ ወገኑን ሲያጽናና ነገረን።»

ኪዳነ ወልድ ድንኳኑን የያዘውን ካስማ መመርመር ጀምሮ ነበር።

«እርስዎስ ያን ለታ የት ነበሩ?»

«ወረታ፣ ተዝካር ላይ። ብኖር ኖሮ...» አሉና ቃሉን አልጨረሱትም።

ዜማ ድንኳኑ ጥግ ጥቁሯን ተከናንባ ተቀምጣለች። ሩሐማ ከጎኗ ቁጭ አለች።

«መጨረሻ ሲወጣ ምን አለሽ?»

«አኩርፎ ነው የዋለ። 'ዜማ፣ ይኸ ነገር ከኔ አቅም በላይ ነው፤ አዋቂ ሰው ላማክር' ብሎኝ ወጣ።»

«ማንን?»

«አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁ። ምነው ጠይቄው በነበር።»

*

ወደ ቢሮ እንደ ተመለሱ ሩሐማ የክንዱን ስልክ አውጥታ ጣቱን አስነክታ አስከፈተችው።

«ወሬውን ለለቅሶ ቤት ስትበትን ምን አስበህ ነው?»

«ቤተሰቡ እንዲረጋጋ...»

«ቤተሰቡ ቢላ እየሳለ ነው። ካፍ የወጣ አፋፍ። በል አሁን ኔቱን ልክፈተውና ይኸ ልጅ ሌላ ምን እንደ ጠየቀ እንይ።»

ስልኩ ከኔት ጋር ተገናኘ። ሩሐማ የብሮውዘሩን ታሪክ ከፈተች፤ ወደ ላይ ወደ ታች ገፋችው። የኪኒኑ ጥያቄ የለም።

ኪዳነ ወልድ ስልኩን ነጥቆ አየ። «እዚህ ነበር። ፎቶው እኮ አለኝ።»

«ነበር። አሁን ተሰርዟል። ክንዱ ታች ክፍል ውስጥ ነው፤ ስልኩ እጄ ላይ ነው። ማን ነው የሰረዘው?»

ሩሐማ ዝርዝሩን ጮክ ብላ ማንበብ ያዘች። «የቆጋ ሽንኩርት ላይ የወጣ ትል መድኃኒቱ። ሕፃን ጥርስ ሲያወጣ ትኩሳት ይኖረዋል ወይ። የዛሬ የሰሑር ሰዓት። የሙሽራ ቀሚስ ኪራይ። የአርሴናል የነገ አሰላለፍ። ይኸ ልጅ በአንድ ቀን ሽንኩርት ተከለ፣ ሕፃን አጠባ፣ ሰሑር በላ፣ ቀሚስ መረጠ። ይኸን ሁሉ አይተኸው ነበር?»

«የፈለግሁትን ሳገኝ አቆምሁ።»

«የሚታወቅ ነው። እዚህ ደግሞ እይ፤ 'የወንድ ፀጉር ከፊት ሲሳሳ ምን ይደረጋል'። ክንዱ? ያ ፀጉር እንኳን ሊሳሳ ማበጠሪያ ሰብሮ...»

አቋረጠች። ኪዳነ ወልድ ሳያስበው ቆቡን በእጁ ይዟል። ጆሮው ድረስ ቀልቷል።

«እሱ የኔ ነው» አለ በቀስታ።

«ምኑ?»

«ጥያቄው። እኔ ነኝ የጻፍሁት፤ በራሴ ስልክ፣ በራሴ ቤት። እዚህ እንዴት እንደ ገባ አላውቅም። እኔም ዘንድ አንዳንዴ ያልጻፍሁት ይመጣብኛል፤ ኔትወርኩ ነው እል ነበር።»

ሩሐማ አልሳቀችም። በዚያ ሳምንት ለሰው ያደረገችው ትልቁ ደግነት ይኸ ሳይሆን አይቀርም።

«ስልክህን ከየት ገዛኸው?»

«ከሪሃብ ሱቅ፣ ገበያው ጋ።»

ወርዶ ክንዱን ጠይቆት ሲመለስ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለ ነው። «እሱም ከሪሃብ።»

*

ሪሃብ የነጋዴው የሙሀመድየሱፍ ልጅ ናት። ሱቁን አባቷ ከፈተው፤ የምታስኬደው ግን እሷ ናት። ፈጣን እጅና ፈጣን አፍ አላት፤ ሩሐማን ስታይ ግን ሁለቱም ዘገዩ።

«ስልክ ስትሸጪ ኢሜይሉን ማን ይከፍትላቸዋል?»

«እኔ ነኝ... ማለቴ፣ አልከፍትም። የሱቁን ነው የማስገባላቸው።»

«ለሁሉም?»

«ምን ላድርግ? ሰው ስልክ ሲገዛ ኢሜይል ይጠይቀዋል፤ የለውም። ብከፍትለት ፓስወርዱን ይረሳል፤ ስልኩ ይቆለፍበትና መጥቶ እኔን ይሰድባል። ስለዚህ አንድ ከፈትሁ። ሁሉም በሱ ይገባል፣ ሁሉም ደስ ይለዋል። እዚህ ገበያ ያለ ሱቅ ሁሉ እንደዚያ ነው።»

«ፓስወርዱስ?»

ሪሃብ ወደ ውጭ አመለከተች። «የሱቁ ስልክ ቁጥር። እንዳይረሳ።»

ሩሐማ ዞር ብላ አየች። ቁጥሩ ታፔላው ላይ በትልልቁ በቀይ ቀለም ተጽፏል። የግማሽ ከተማ ሰው ቤት፣ ቁልፉ በሩ ላይ ተሰቅሎ።

«አንዱ የጻፈውን ሌላው እንደሚያየው ታውቂያለሽ?»

«ማን ከፍቶ ያያል ብዬ? ክፉ አስቤ አይደለም።»

«ክፉስ ብታስቢ ይሻል ነበር። ቢያንስ ታስቢ ነበር።»

ሪሃብ ተናደደች፤ ሲናደዱ ደግሞ እውነቱ ይቀላል። «ጥቅምም አለው እኮ። ስልክ ሲጠፋባቸው ወደኔ ነው የሚሮጡ። ከዚህ ላፕቶፕ አስጮኽላቸዋለሁ፤ ድምፁን አጥፍተውት እንኳ ይጮኻል። የአንዷን ጤፍ ጆንያ ውስጥ አገኘንላት።»

«ይኸ ጠቃሚ ነው» አለች ሩሐማ። «ላፕቶፑን አምጪው።»

በሱቁ አካውንት ውስጥ የሁሉም ፎቶ ተዘርግቷል፦ የሰው ክርስትና፣ የሰው ሙሽራ፣ የሰው ሽንኩርት። ሩሐማ ወደ ታች ወረደች። ከአንዲት ሕፃን ልደትና ከአንድ የተሰበረ ሞተር ሳይክል መሃል አገኘችው፦ የሚታጠፍ የእንጨት ሥዕል፣ ቀለሙ የደበዘዘ፣ ሰማያዊ ፕላስቲክ ላይ የተጋደመ።

«ሣህሉም ስልኩን ከዚህ ነበር የገዛው?»

«ጋሼ ሣህሉ? አዎ፤ ነፍሱን ይማረው። ፎቶ የሚታይበት ትልቅ ስልክ ስጭኝ ብሎኝ።»

ኪዳነ ወልድ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣለት። ሌባው ሥዕሉን ለገዢ ሊያሳይ ፎቶ አነሣው፤ ፎቶው የሣህሉ ስልክ ላይ ብቅ አለ፤ ሣህሉ ስልኬን የሚነካው ክንዱ ነው ብሎ በማያውቀው ወነጀለው።

«ከዚያም አዋቂ ሰው ሊያማክር ወጣ» አለች ሩሐማ። «ከሌባው ዘንድ ሄዶ ስለ ሌባው ተናገረ። ገዳዩ ሣህሉ የሚያምነው ሰው ነው። ጥያቄውን የሰረዘውም ወሬውን ካንተ አፍ የሰማው ነው፤ ከአንዱ ስልክ ሲሰረዝ ከሁሉም ይጠፋል።»

«የተሰረዘ ግን አይመለስም» አለች ሪሃብ።

«ታሪኩ አይመለስም። ሰው ግን ታሪኩን ይሰርዝና ገጹን መዝጋት ይረሳል። አንቺ ስልክሽ ላይ ስንት ገጽ ክፍት ነው?»

ሪሃብ ስልኳን ገልበጥ አድርጋ አስቀመጠችው።

ሩሐማ በየስልኩ ክፍት የቀሩትን ገጾች የሚያሳየውን ቦታ ከፈተች። በእያንዳንዱ ስልክ ስም ሥር የተረሳ ሁሉ ተደርድሯል፤ ማንም ምንም አይዘጋም። ከመጨረሻዎቹ በአንዱ ሥር ሦስት ገጾች ነበሩ። አንዱ ያ የኪኒኑ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው የጥንት የቤተ ክርስቲያን ሥዕል የሚገዙ ሰዎች ገጽ ነው። ሦስተኛው ስለ ጉልበት ሕመም ያወራል።

«ይኸ ዓይነት ስልክ ውድ ነው» አለች ሪሃብ ስሙን አይታ። «እዚህ አካውንት ላይ የገባው አንድ ብቻ ነው። ገዢው ትዝ ይለኛል፤ ትልቅ ሰው ነው፤ ዋጋ አልተከራከረኝም። ማስክ አድርጎ ስለ ነበር ፊቱን አላየሁትም። ላስጩኸው?»

እጇ ወደ ላፕቶፑ ሲሄድ ሩሐማ ያዘቻት።

«ተይው። ብቻውን ሳለ ቢጮህበት ሐይቁ ሰፊ ነው፤ ይወረውረውና ያርፋል። ሰው መሃል ይጩህ።» ሦስተኛውን ገጽ እንደገና አየችው፤ ያሰበችውን ግን ለኪዳነ ወልድ እንኳ አልነገረችውም። አንድ ጊዜ አፉ ሲያመልጠው አይታለች። «ነገ የሣህሉ ሣልስት ነው። የሚያምነው ሰው ሁሉ እዚያ ይመጣል።»

*

ጸሎቱ ካለቀ በኋላ ድንኳኑ ሞላ። የሣህሉ ወገኖች በአንድ ወገን ተጠጋግተው ተቀምጠዋል፤ ከመካከላቸው ሁለቱ ጎረምሶች ዓይናቸውን ከአጥሩ አይነቅሉም። ከአጥሩ ውጭ፣ ድንጋይ ላይ፣ ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ተቀምጠዋል። ግቡ ያላቸው የለም፤ ሂዱ ለማለትም የደፈረ የለም።

ሩሐማ ከሴቶቹ ጋር ነጠላዋን ተከናንባ ተቀመጠች። የሱቁን አካውንት የከፈተችበት ስልኳ ከነጠላው ሥር ነው።

አቶ ኃይለ ገብርኤል ጉልበታቸውን ደግፈው ተነሡ። ባለቁልፍ ስልካቸውን ከፍ አድርገው ለሁሉም አሳዩና አጠፉት።

«እናንተም አጥፉ። ወንድሜን የገደለው ይኸው የስልክ ነገር ነው። ሕግ ሥራውን ይሥራ፤ እኛ ፈጻሚ አይደለንም። ነገር ግን» አሉና ወደ አጥሩ ተመለከቱ፣ «የሣህሉ ደም ውሃ ሆኖ አይቀርም። ገዳዩ ይታወቃል። ወገኑም ይታወቃል።»

ሁለቱ ጎረምሶች ቀና አሉ።

ሩሐማ አንዴ ነካችው።

መጀመሪያ ቀጭን ድምፅ ነበር። ሰው ሁሉ ኪሱን ዳሰሰ፤ ጎረቤቱን በክርኑ ጎሸመ። ድምፁ ከፍ አለ። አቶ ኃይለ ገብርኤል ንግግራቸውን ሊቀጥሉ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ፤ ጩኸቱም አብሮ ከፍ አለ። እጃቸው ላይ ያለው ባለቁልፍ ስልክ ጠፍቷል። የሚጮኸው ከጋቢያቸው ሥር፣ ከደረታቸው ነበር።

«አቶ ኃይለ ገብርኤል» አለች ሩሐማ ተነሥታ፣ «ለቅሶ ቤት ነው። ያጥፉት እንጂ።»

«የ... የሰው ነው። አደራ ነው።»

«የማን?»

ጩኸቱ ድንኳኑን ሞላው፤ ሕፃን አለቀሰ። ሰው ሁሉ እሳቸውን ሲያይ ጊዜ እጃቸው ከጋቢው ሥር ገባ፤ ሰማያዊ ስልክ ይዞ ወጣ። ለማስቆም የሚያውቁት መንገድ አንድ ብቻ ነበር፤ ለብዙ ጊዜ የለመዱት። አውራ ጣታቸውን ጫኑበት። ስልኩ ዝም አለ፤ ተከፈተም።

«የሰው አደራ» አለች ሩሐማ፣ «በእርስዎ ጣት ይከፈታል?» ከእጃቸው ተቀበለችው። ብሮውዘሩን ነካችና ስልኩን ወስዳ ለዜማ ሰጠቻት። «አንብቢው፣ እህቴ።»

ዜማ ማንበብ ጀመረች፤ ድምፅዋ ግን መሃል ላይ ቀረ። «የእንቅልፍ ኪኒን ከአረቄ ጋር ቢጠጣ...» ወንድሟን ቀና ብላ አየችው። «ያማከረው አንተን ነው። ሣህሉ ሊያማክር የወጣው አንተን ነው።»

ኃይለ ገብርኤል ስልኩን እንጂ እህቱን አላየም።

«አጥፍቸው ነበር እኮ» አለ።

ከዚያ ወዲያ ማንም በእርስዎ አላናገረውም።

*

ወረታ ላይ የተዝካሩን እህል ቀምሶ፣ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ እንደ ወጣ ሰዎቹ መሰከሩ። ሥዕሉን ከእድሩ ዕቃ ቤት፣ ከትርፍ ድንኳኑ ጆንያ ሥር፣ ሰማያዊ ፕላስቲኩን እንደ ለበሰ አገኙት። ሥዕሉ የጠፋባት ደሴት የቤተ ክርስቲያን ዕቃ ቤት ጠባቂ የተጠቀለለውን ጨርቅ ሲፈታ ነበር ባዶ እንጨት እንደ ተተካበት ያወቀው። ኃይለ ገብርኤል ሲሚንቶ ያደረሰበት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሣህሉ ፎቶውን አሳይቶ 'ክንዱን ምን ላድርገው?' ሲለው፣ 'ጀልባው ላይ ሆነን በጸጥታ እንመካከር' ብሎ አረቄውን ይዞ መጣ። ይኸን ሁሉ ለኪዳነ ወልድ ራሱ ተናገረ፤ ኪዳነ ወልድም በዚህ ጊዜ እስከ መጨረሻው መስመር ጻፈ።

ክንዱ ሲፈታ ሩሐማ ስልኩን መለሰችለት።

«ከሪሃብ አካውንት አስወጥቸዋለሁ። የራስህን ክፈት፣ በራስህ ፓስወርድ።»

«ብረሳውስ?»

«እርሳው። መርሳት አያሳስርም።»

ከጣቢያው ግቢ በር ላይ እናቱ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ቆመዋል። ከሣህሉ ወገን አንድ ሰው ቢመጣ ከመሃል ሊገቡ ነበር። የመጣችው ግን ዜማ ናት፤ ሁለቱ ጎረምሶች ከኋላዋ አንገታቸውን ደፍተው ይከተሏታል። ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ልጃቸውን በክንዳቸው ወደ ኋላ ገፉት።

ዜማ ከፊታቸው ቆመች። ልቅሶ ድምፅዋን ዘግቶታል። አጎንብሳ የሴትዮዋን ጉልበት ሳመች፤ ጎረምሶቹም ተራ በተራ አጎነበሱ። ከዚያ የጀልባዋን ቁልፍ ከጥቁር ነጠላዋ ጫፍ ፈታ ለክንዱ ዘረጋችለት።

«ጀልባዋን ሰው ጎትቶ አመጣት እንጂ እስከ ዛሬ በወጉ ያሰራት የለም» አለችው። «ሂድና እሰራት።»

ወይዘሮ ወለተ ጊዮርጊስ ክንዳቸውን አወረዱ። ልጁም ብቻውን፣ ማንም ሳይከተለው፣ በሰው መሃል ወደ ሐይቁ ወረደ።